‹ሪኮግናይዝ› በአማርኛ ስንት ቃል ነው?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመውን ሰው ዘወትር ከሚፈታተኑት ቃላት አንዱ ‹ሪኮግናይዝ› የተባለው ግሥ ነው። የሚፈታተነው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያሳስተው ቅለቱ ነው። ዛሬ በጋዜጣም ሆነ በሬዲዮ፣ በመድረክም ሆነ በጉባኤ ለዚህ ቃል የሚቀርበው አማርኛ አንድ ብቻ ወደ መሆን ተቃርቧል፤ እርሱም ‹ዕውቅና› ነው። መንግሥት ለመንግሥት ዕውቅና ይሰጣል። ማኅበር ዕውቅና ያገኛል። አንጋፋ ደራሲ ዕውቅና ይቸረዋል። ተክዶ ለኖረ ግፍ ዕውቅና ይጠየቅለታል። ከዚህም አልፎ በተውኔት ውስጥ እናት የጠፋ ልጇን የምትለይበት ትዕይንት ‹የዕውቅና ትዕይንት› ሲባል መስማት ጀምረናል። ጸሐፊው የሚከራከረው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ክርክሩም ስለ አንድ ቃል ውበት ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በተሳሳተ ቦታ ሲገባ ማን ማንን እንደሚያውቅ፣ ማንስ ለማን እንደሚያምን ይደበላለቃልና።

ሥሩን እንመልከት። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ‹ዳግመኛ› እና ‹ማወቅ› ከሚሉ ሁለት ክፍሎች የተገነባ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ዛሬ በአንድ ልብስ ውስጥ ሦስት ገላ ይዞ ይኖራል። መጀመሪያ፣ ቀድሞ የሚያውቁትን ሰው ወይም ነገር ዳግመኛ ሲያዩት ‹እርሱ ነው› ማለት፤ ሁለተኛ፣ አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል፤ ሦስተኛ፣ ሥልጣን ያለው አካል የሌላውን መብት ወይም ማዕረግ በይፋ ማጽናት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሦስቱን ሲያለዋውጥ አይደናቀፍም፤ የአነጋገሩ ዐውድ ይመራዋል። የሚደናቀፈው ተርጓሚው ነው።

ነገሩን ወደ አገር ቤት እናምጣው። በዋግ ኽምራ፣ በጽጽቃ ገበያ አንድ ሰው የጠፋችበትን ፍየል በሌላ ሰው እጅ አየ እንበል። አገሩ የፍየል አገር ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ስሟ ከዋግ አልፎ የተሰማ ነው። ሰውየው በመጀመሪያ ፍየሏን ከመንጋው መካከል ይለያታል፤ በጆሮዋ ምልክት፣ በቀንዷ አወጣጥ፣ በግንባሯ ቦቃ። ቀጥሎ ‹የእኔ ናት› ይላል። ያኛው ወይ ያምናል ወይ ይክዳል። ከካደ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ባለ ፍየሉም ምስክሩን ቆጥሮ ‹ይታወቅልኝ› ይላል። እንግዲህ ለየ፣ አመነ፣ ታወቀለት፤ ሦስት ግሥ፣ ሦስት ባለ ድርሻ። ለዪው ባለ ንብረቱ ነው፤ አማኙ ወይም ካጁ ባላንጣው ነው፤ የሚያውቅለት ጉባኤው ነው። እንግሊዝኛው ሦስቱንም በዚያው በአንዱ ግሥ ሊናገራቸው ይችላል። አማርኛው ግን ሥራውን ከፋፍሎ ለየባለቤቱ ይሰጣል። እዚህ ላይ አማርኛ ቃል አጣ ሳይሆን ቃል ተረፈው ማለት ይገባል።

ከሦስቱ ሁሉ ለእኔ ባለ ብዙ ሀብት የሚመስለኝ ‹ለየ› ነው። ሕፃን እናቱን ከሌላ ሴት መለየት ሲጀምር ‹ሰው ለየ› ይባላል። በሽታው የጠናበት ሰው ‹ሰው አይለይም› ይባላል። ጎሕ ሲቀድ ሰውና ዛፍ ይለያል። በዚህ ግሥ ውስጥ ማወቅ ማለት ከብዙው መካከል አንዱን ነጥሎ ማውጣት ነው፤ እንግሊዝኛው ‹ዳግመኛ› ብሎ በጊዜ የሚያስበውን አማርኛው ‹ነጥሎ› ብሎ በቦታ ያስበዋል። ቃሉ ሌላም ምሥጢር አለው። ያው ‹ለየ› ሲዞር ‹ተለየ›፣ ‹ተለያየ› ይሆናል፤ መራቅ፣ መሰነባበት፣ በሞት መሄድም ይሆናል። ይህን ያህል ቅርበት በማወቅና በመለያየት መካከል ያኖረ ቋንቋ ለተውኔትና ለልብ ወለድ የተሰናዳ ቋንቋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

‹ዐወቀ›ም የራሱ ክፍል አለው። ከብዙ ዘመን በኋላ የተገናኘ ሰው ‹አላወቅኸኝም?› ብሎ ሲጠይቅ፣ ታላቁን ሰው ከሆነም ‹አላወቁኝም?› ሲል፣ ስለ ዕውቀት ሳይሆን ስለ መለየት መጠየቁ ለማንም ግልጽ ነው። የዮሴፍ ታሪክ የተተረከው በዚህ ግሥ ነው፤ ዮሴፍ በግብፅ ወንድሞቹን ዐወቃቸው፣ እነርሱ ግን አላወቁትም። ያዕቆብም እጁን በጠጉራም ቆዳ ሸፍኖ በቀረበ ጊዜ ዐይኑ የፈዘዘው አባቱ አላወቀውም። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ አንድም ጊዜ ‹ይስሐቅ ለያዕቆብ ዕውቅና ነፈገው› ብሎ አያስብም፤ ቢያስብ ኖሮ ታሪኩ ሁሉ ይፈርስ ነበር። ይስሐቅ አልነፈገም፤ ተታለለ እንጂ።

ወደ ግእዙ ብንወርድ ደግሞ የበለጠ ነገር እናገኛለን። በግእዝ ‹አእመረ› ዐወቀ ማለት ነው፤ ‹አእምሮ› የሚለውም ከዚሁ ነው። ከዚያው ሥር ‹ትእምርት› ይወጣል፤ ምልክት ማለት ነው፤ ‹ተአምር›ም የእነዚሁ ዘመድ ነው። ማወቅና ምልክት በአንድ ቤት ያደጉ ናቸው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔና ስለ ተውኔት በጻፈው መጽሐፍ አንድ ባለ ታሪክ ሌላውን ከአለማወቅ ወደ ማወቅ የሚሸጋገርበትን ጊዜ ከታላላቆቹ የሴራ ክፍሎች አንዱ አድርጎ መድቦታል፤ ዐይነቱንም ሲዘረዝር ከሁሉ ዝቅ ያለውን ቦታ የሰጠው በምልክት ለሚደረገው መለየት ነው፤ እንደ ጠባሳ፣ እንደ ሐብል ላለው። የኦዲሴዎስን እግር የምታጥበው አሮጊት ሞግዚት ጌታዋን የለየችው በጭኑ ጠባሳ ነበር። ከሁሉ የላቀው ግን ከራሱ ከድርጊቱ ሂደት የሚፈልቀው ነው ይላል፤ የኤዲፐስን ታሪክ ምሳሌ አድርጎ። ይህን የግሪክ ቃል እንግሊዞች ‹ሪኮግኒሽን› ብለው ተረጎሙት፤ እኛም ከእንግሊዝኛው ተቀብለን ‹ዕውቅና› ልንለው ዳር ደርሰናል። በሁለት እጅ ያለፈ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሸራፋ ሆኖ ይደርሳል።

የእኛ ልብ ወለድ የተወለደው እኮ በዚህ ዐይነቱ ሴራ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ በኋላ ‹ጦቢያ› እየተባለ የታወቀው ‹ልብ ወለድ ታሪክ› የሚቆመው በመንታ እኅትና ወንድም መመሳሰል ላይ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች፤ ወንድ መስላት የወደደቻት ሴት አለች፤ ዋህድ ሲገኝ የመልካቸው አንድነት ያወሳሰበውን ያው የመልክ አንድነት ይፈታዋል። ይህን ሴራ በ‹ዕውቅና› ቃል የሚተነትን ሐያሲ ምን ሊጽፍ ይችላል? ማን ለማን ሰጠ ይበል? ‹መለየት› ቢል ግን ቃሉ ራሱ ያግዘዋል፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ሰዎችን የመለየት ጥያቄ ነውና። የሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል፤ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣና በሞት አፋፍ ላይ ስታገኘው ያለው ክፍል ግን በዚህ በኩል ሲታይ እምብዛም አላጋጠመኝም። እዚያ መለየትና መለያየት በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ደራሲው የቃሉን ሁለት ፊት አስበው ያድርጉት አያድርጉት ቁም ነገሩ አይደለም፤ ቋንቋው ያሰበላቸው ይመስላል።

ሁለተኛው ትርጉም፣ እውነትን የመቀበሉ፣ በአማርኛ ‹አመነ› ነው፤ ተቃራኒውም ‹ካደ›። ለዚህ የምጠቅሰው ምሳሌ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፊልም ርእስ ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎን ያጠፋውን ረኃብ ቀርጾ ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ዋግ በዚያን ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረ። የፊልሙ የእንግሊዝኛ ርእስ ቃል በቃል ‹ያልታወቀው ረኃብ› የሚል ነው። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በአማርኛም ሲወሳ የኖረው ‹የተደበቀው ረኃብ› እየተባለ ነው። አንባቢ ሁለቱን ርእሶች ያስተያይ። እንግሊዝኛው የተናገረው ስለ ለንደን ተመልካች ነው፤ እርሱ አላወቀም ነበርና። ለወሎ ገበሬ ግን ረኃቡ ያልታወቀ አልነበረም፤ ለሹማምንቱም አልነበረም። ታውቆ ተካደ እንጂ። አማርኛው ርእስ ጥፋቱን ከአለማወቅ አንሥቶ ከአለማመን ላይ አኖረው፤ በዚህም ከዋናው ርእስ የቀረበ እውነት ተናገረ። ትርጉም ዋናውን ሊያርመው የሚችልበት ጊዜ አለ ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው።

ሦስተኛው ትርጉም የመንግሥታት ነው፤ ኢትዮጵያም ዋጋ የከፈለችበት ነው። በመስከረም 1930 ዓ.ም. የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። የዚህ አረመኔነት ዓላማ አንድ ነበር፤ ሕዝቡ ፊቱን አይቶ እንዲለየው፣ ‹አዎን፣ እርሳቸው ናቸው፤ ሞተዋል› እንዲል። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ተቀበለ። በእንግሊዝኛ የዋግ ሰው በአደባባይ የተገደደበትም፣ ለንደን በጠረጴዛ ላይ የፈጸመችውም ድርጊት በዚያው በ‹ሪኮግናይዝ› ይነገራል። በአማርኛ ግን የመጀመሪያው መለየት ነው፤ ያየ ዐይን ሊያስቀረው የማይችለው ነው። ሁለተኛው ፈቃድ ነው፤ ሊያስቀሩት ሲችሉ ያደረጉት ነው።

የዚህ ፈቃድ ክብደት ምን ያህል እንደ ነበረ በዚያው ጊዜ በለንደን ፍርድ ቤት ታይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ መንግሥት ከኬብል ኤንድ ዋየርለስ ኩባንያ ይከፈለው የነበረውን ገንዘብ ጠይቀው ከሰሱ። በሐምሌ 1930 ዓ.ም. ተፈረደላቸው። ጉዳዩ በይግባኝ ሳለ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ በሕግ ተቀበለ፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት ከዚህ ወዲያ ባለ መብቱ ሌላ ነው ብሎ ፍርዱን ገለበጠው። ከሳሹ ሰው አልተለወጠም፤ ዳኞቹም ማን መሆኑን አሳምረው ይለዩታል። የተለወጠው አንድ ግሥ ነው። በአንጻሩ ሜክሲኮ ወረራውን ፈጽሞ አልቀበልም አለች። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የቆመው አንዲት አገር ‹አልቀበልም› በማለቷ ምክንያት በተሰየመ ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ለሦስተኛው ትርጉም ‹ዕውቅና› የሚለውን ቃል ጸሐፊው አይነቅፍም። ሥራው ይኸው ነው፤ እዚህ ይቆይ።

ይሁንና እዚህም ቢሆን ስለ ቃሉ አሠራር አንድ ነገር መታየት አለበት። ‹ዕውቅና› የተሠራው እንደ ‹ቅድስና›፣ እንደ ‹ልዕልና›፣ እንደ ‹ብልጽግና› ነው። ቅድስና የሚገኘው በቅዱሱ ዘንድ ነው፤ ብልጽግናም በባለጸጋው ዘንድ። እንዲሁ ዕውቅና በአሠራሩ የታወቀው ሰው ወይም ነገር ሁኔታ እንጂ የዐዋቂው ስጦታ አይደለም። ‹ዕውቅና አለው› ማለት ስለዚህ ቀና አማርኛ ነው። ‹ዕውቅና ሰጠው› ግን፣ አስበን ብንሰማው፣ ‹ቅድስና ሰጠው› የማለት ያህል ጆሮን ይቆረቁራል። እንግሊዝኛው የሰጪውን ድርጊት ያጎላል፤ አማርኛው ቅርጽ የባለቤቱን ሁኔታ። እኛ በአማርኛ ቃል የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ስንሠራ ባለቤቱ ተቀባይ ሆኖ ቀረ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ ይህን ልዩነት ጠብቆ እንደ ተጻፈ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። አንቀጽ 5 በመጀመሪያው ንኡስ አንቀጽ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና ‹ይኖራቸዋል› ይላል፤ ‹ይሰጣቸዋል› አይልም። በዜና ግን ‹ቋንቋው ዕውቅና ተሰጠው› ሲባል እንሰማለን። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ዋግ ይመልከት። የኽምራ ሕዝብ ቋንቋ ኽምጣኛ የአገው ቋንቋ ነው። የኦስትሪያው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ‹ኻሚር› ብሎ ሰዋስዉን አሳተመለት፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 እ.ኤ.አ. ‹ኻምታንጋ› በሚል ስም ሌላ ሰዋስው ጻፈለት። የሁለቱን ርእስ በቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ላይ ብቻ ያየ ሰው አንድ ቋንቋ መሆኑን ላይለይ ይችላል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዘመቻው ካዳረሳቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ከአገው ቋንቋዎች አንድም አልነበረበትም። ከ1987 በኋላ የአማራ ክልል ለኽምራ ብሔረሰብ የራሱን አስተዳደር አቋቋመ፤ ኽምጣኛም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያንኳስሰው የለም። ነገር ግን በሰቆጣና በጽጽቃ እናቶች ልጆቻቸውን በኽምጣኛ ሲቀሰቅሱ፣ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁበት የኖሩት ቋንቋ፣ ‹ተሰጠው› ከተባለበት ቀን በፊትም የሚያውቁት ነበሩት። አልታወቀም የሚባለው ለማን ነው? ‹ያልታወቀው ረኃብ› በሚለው ርእስ ላይ የጠየቅነው ጥያቄ እዚህም ይጠየቃል። (‹ኽምራ›ን ‹ህምራ› እያሉ መጻፉም ከዚሁ ግድ የለሽነት የሚቆጠር ነው። ፊደላችን ኽን ይዞ ሳለ ለመጻፍ መስነፍ ምን ይባላል?)

በኪነ ጥበቡ መንደርማ ቃሉ ከሁሉ ይልቅ ያደላው ለሥነ ሥርዓት ነው። ‹የዕውቅና ምሽት› ይዘጋጃል፤ ካባ ይደረባል፤ የምስክር ወረቀት በመስታወት ይሰጣል። ሽልማት አይሰጥ ማለቴ አይደለም፤ ያረጀ ከያኒ በሕይወቱ ሳለ ቢታሰብ ደስ ይላል። የሚያሳዝነው በዚያ መድረክ ላይ የሚናገሩት ብዙዎቹ የተሸላሚውን ሥራ ከሌላው ሥራ ለይተው አለመናገራቸው ነው። ‹ታላቅ›፣ ‹አንጋፋ›፣ ‹ባለ ውለታ› ይባላል፤ ይህ ዐረፍተ ነገር የእርሱ ነው፣ ይህን ዜማ ሌላ ሰው አይሠራውም የሚል አይሰማም። የሒስ የመጀመሪያ ሥራ መለየት ነው፤ ለይቶ ያላወቀ ሰው የሚሰጠው ዕውቅና የማን ነው? ደራሲውስ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ታወቀ ወይስ ተሸኘ?

ለተርጓሚዎች የምለው ስለዚህ አጭር ነው። ሰው ሰውን ሲያይ ‹ለየ› ወይም ‹ዐወቀ› ይበሉ። ጥፋትንና እውነትን ሲቀበል ‹አመነ› ይበሉ፤ ‹መንግሥት ችግሩን ዕውቅና ሰጠው› ከሚሉ ‹መንግሥት ችግሩን አመነ› ይበሉ። አንባቢው ከዚያ በኋላ ‹ምን ሊያደርግ ነው?› ብሎ ይጠይቃል፤ ‹ዕውቅና ሰጠው› ሲባል ግን ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። መንግሥታትና ሕግ ሲሆን ‹ዕውቅና›ን ይያዙ፤ ከተቻለ ‹አለው› እያሉ። ለተውኔቱ ቃል ‹መለየት› የሚከብዳቸው ካሉ ‹መተዋወቅ› አለላቸው፤ ሁለቱም ወገን የሚያውቅበት ትዕይንት ሲሆን እንዲያውም የተሻለ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ከመስጠት ይልቅ እያንዳንዱን ትርጉም በሙሉ ዐረፍተ ነገር አስገብቶ ማሳየትን የመረጠው ለዚህ ዐይነቱ ችግር ነው። መንገዱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተጠርጓል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ በዘለቀ ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚጠፋው እህልና ከብት ብቻ አይደለም፤ መታወቂያም ይጠፋል። መታወቂያ የሌለው ሰው በአገራችን በየቢሮው የሚጠየቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ‹የሚያውቅህ ሰው አለ ወይ?› ወረቀቱ ሲጠፋ ነገሩ ወደ ሰው ዐይን ይመለሳል። ጎረቤት ይጠራል፤ ያያል፤ ይለያል፤ ‹የእገሌ ልጅ ነው፤ ዐውቀዋለሁ› ይላል። ይህ ምስክርነት በቅጽ ላይ ሲሰፍር ቅጹ አማርኛ ነው፤ ነገ በኽምጣኛ መዘጋጀቱ አይቀርም። የኽምጣኛው ተርጓሚ ከፊቱ ‹ዕውቅና›፣ ‹መታወቂያ›፣ ‹ያውቀዋል› የሚሉ ሦስት ቃላት ይጠብቁታል። የመጀመሪያውን እንዳለ ከአማርኛ ተውሶ ያልፍ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ከላቲን ተነሥቶ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ አድርጎ፣ አማርኛ ላይ ሰጪና ተቀባይ ያበጀው ቃል አምስተኛ ቤቱን ጽጽቃ ላይ ይሠራል። ወይስ እዚያው ገበያ፣ ፍየሉ የጠፋበት ሰው በኽምጣኛ ሲከራከር የሚለውን ቃል ሄዶ ይሰማል?